በመካከለኛው አውሮጳ የስፖርት ታሪክ ውስጥ የአይሁድ ስፖርተኞች ድርሻ

የአንድን ሕዝብ ባሕልና ኑሮ የሚመረምር ሰው፥ ማን ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስና ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ አስቀድሞ ይጠይቃል። በእነዚህ ላይ ሦስተኛ ጥያቄ ሊጨመር ይገባል፤ ይኸውም ማን ከማን ጋር ይጫወታል የሚለው ነው። ሰው ለውድድር በአንድ ሜዳ ላይ የሚቆመው እኩያዬ ነው ብሎ ከሚያምነው ሰው ጋር ነውና፥ ወደ ሜዳው የሚገባውና ከሜዳው የሚባረረው ሰው ማንነት የኅብረተ ሰቡን እውነተኛ አሳብ ከተጻፈው ሕግ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ይህ ጽሑፍ አይሁድ ስፖርተኞች በመካከለኛው አውሮጳ፥ ይልቁንም በዳኑብ ወንዝ ዳር በሚገኙት በቪየናና በቡዳፔስት ከተሞች፥ ለስፖርት ታሪክ ያበረከቱትን ድርሻና የደረሰባቸውን ዕጣ ይመለከታል። ነገሩ የጥቂት ጎበዞች ዝና ብቻ አይደለም። ከሜዳ የተባረረ ወገን የራሱን ሜዳ እንዴት እንደ ሠራ፥ በዚያም ሜዳ ያዳበረውን ጥበብ ለአካባቢው ሁሉ እንዴት እንዳካፈለ፥ በመጨረሻም ስሙ ከመዝገብ እንዴት እንደ ተፋቀና እንደ ተመለሰ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

1. አጀማመሩ

በ1896 የመጀመሪያው የአዲሱ ዘመን ኦሎምፒክ በአቴና ሲደረግ የዋናው ውድድር የተካሄደው በገንዳ ሳይሆን በዘያ ወሽመጥ፥ እጅግ በቀዘቀዘ ባሕር ውስጥ ነበር። በ100 ሜትሩ ውድድር አንደኛ የወጣው የቡዳፔስቱ ወጣት አልፍሬድ ሃዮሽ ሲሆን፥ ሁለተኛ የወጣው የቪየናው ኦቶ ሄርሽማን ነበር። ሁለቱም አይሁድ ነበሩ። ሃዮሽ በዚያው ቀን የ1200 ሜትሩን ውድድር ደግሞ አሸንፎ ለሁንጋርያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ባለ ድል ሆነ።

የሃዮሽ የልጅነት ስሙ አርኖልድ ጉትማን ነበር፤ ሃዮሽ ማለት በሁንጋርያ ቋንቋ መርከበኛ ማለት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዳኑብ ወንዝ ሰጥሞ ስለ ሞተ፥ ዋናን በትጋት የተማረው ከዚህ ኀዘን በኋላ ነው ይባላል። ከኦሎምፒኩ በኋላ ትምህርቱን ቀጥሎ የታወቀ አርክቴክት ሆነ። በ1924 በፓሪስ በተደረገው ኦሎምፒክ የኪነ ጥበብ ውድድርም ስለ ነበረ፥ ከጓደኛው ከዴዦ ላውበር ጋር ባዘጋጀው የስታዲየም ፕላን የብር ሜዳልያ ተቀበለ። በ1930 በቡዳፔስት በማርጊት ደሴት ላይ የተሠራው ታላቅ የዋና ሕንፃ የእርሱ ሥራ ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የሁንጋርያ ዋናተኞች በዓለም ላይ ያገኙት ዝና ሲነገር የመጀመሪያው ድልም፥ ልምምድ የተደረገበት ቤትም ከዚህ ከአንድ ሰው ጋር የተያያዘ ነው።

ሄርሽማንም ከዋና አልፎ የጎራዴ ግጥሚያ ተማረ። በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ ከኦስትርያ የጎራዴ ቡድን ጋር የብር ሜዳልያ ሲያገኝ፥ እርሱ ራሱ የኦስትርያ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ነበር። ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመታት የአገሩን የዋና ፌዴሬሽን መርቷል።

2. በሕግ የተከፈተው በር በማኅበር መዘጋቱ

በኦስትርያና በሁንጋርያ ይኖሩ የነበሩት አይሁድ ከሌላው ዜጋ ጋር በሕግ እኩል የሆኑት በ1867 ነው። ከዚህ በኋላ ከየገጠሩና ከየትናንሽ ከተሞቹ ወደ ታላላቆቹ ከተሞች ጎረፉ፤ ልጆቻቸውንም ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሰደዱ። በ1920ዎቹ ዓመታት በቪየና ብቻ ወደ 200,000 የሚሆኑ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ይህም ከከተማው ሕዝብ አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። በቡዳፔስት የነበሩትም ቍጥራቸው ከዚህ የሚያንስ አልነበረም።

ነገር ግን ሕጉ የከፈተውን በር ማኅበሩ ዘጋው። ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች የአካል ማጎልመሻ ማኅበር ማለት ጡንቻ ማጠንከሪያ ብቻ አልነበረም። ወጣቱ ሥርዓትን፥ የአገር ፍቅርንና ወንድማማችነትን የሚማርበት ቤት ነበር። ስለዚህ በ1887 አንደኛው የቪየና የጂምናስቲክ ማኅበር ከአርያን ዘር ያልተወለደ ሰው አባል ሊሆን አይችልም ብሎ አይሁዳውያን አባሎቹን ባስወጣ ጊዜ፥ የከለከላቸው መዝለልና መወርወር ብቻ አልነበረም፤ ከአገሩ ልጆች ጋር መቈጠርን ጭምር ነበር።

ከዚህም የባሰ ነገር በተማሪዎች ዘንድ ተደረገ። በዚያ ዘመን የጀርመን ተማሪዎች ማኅበራት አባል የሆነ ሰው ክብሩ ሲነካ ባላጋራውን በጎራዴ ይጋጠም ነበር፤ ግጥሚያውን የሚቀበለውም የክብር እኩያው ከሆነ ሰው ብቻ ነበር። በ1896 የእነዚህ ማኅበራት መሪዎች በዋይድሆፈን ከተማ በወሰኑት ቃል አይሁዳዊ ክብር የሌለው ስለ ሆነ በጦር መሣሪያ ልንጋጠመው አይገባንም አሉ። ሃዮሽና ሄርሽማን በአቴና አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በዚያው ዓመት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በአንድ በኩል ዓለም ሲያጨበጭብላቸው፥ በሌላው በኩል በገዛ አገራቸው ያሉ ተማሪዎች እናንተ ለመሸነፍ እንኳ የማትበቁ ናችሁ ይሏቸው ነበር።

በ1898 በባዝል ከተማ በተደረገው ሁለተኛው የጽዮናውያን ጉባኤ፥ የቡዳፔስት ተወላጅ የሆኑት ሐኪምና ደራሲ ማክስ ኖርዳው፥ አይሁድ በጠባብ ሠፈር ተዘግተው በኖሩባቸው ዘመናት የጠፋባቸውን የሰውነት ብርታት እንዲመልሱ አሳሰቡ። በዚያው ዓመት በበርሊን ባር ኮክባ የተባለ የጂምናስቲክ ማኅበር ተቋቋመ፤ በየአገሩም ይህን የመሳሰሉ ማኅበራት ተከተሉት። የኖርዳው አሳብ፥ አይሁድ ደካሞች ናቸው የሚለውን የባላጋራዎቻቸውን ስድብ በከፊል እውነት አድርጎ የተቀበለ በመሆኑ፥ ከአይሁድ ወገን ራሱ የነቀፉት አሉ። ቢሆንም ብዙ ወጣቶችን ወደ ሜዳ ያወጣ አሳብ ነበር።

3. ሁለት መንገዶች

በሩ ለተዘጋበት ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ አንደኛው በሩን ደጋግሞ ማንኳኳት፥ ሁለተኛው የራሱን ቤት መሥራት ነው። ቡዳፔስት የመጀመሪያውን፥ ቪየና ሁለተኛውን መንገድ በጉልህ ያሳያሉ።

በቡዳፔስት በ1888 ኤም.ቴ.ካ. የተባለው ክለብ ሲመሠረት፥ ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ አይሁድ ቢሆኑም፥ ክለቡ የሃይማኖት ማኅበር አልነበረም። ዓላማው ሁሉም እንደ ሁንጋርያውያን አብረው እንዲጫወቱ ነበር። ከ1905 ጀምሮ ክለቡን በፕሬዚዳንትነት የመሩት አልፍሬድ ብሩል ገንዘባቸውን ሳይሰስቱ አሠልጣኝና ሜዳ አዘጋጁለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ጂሚ ሆገን ተጫዋቾቹን ኳስን በምድር ላይ በአጭር አጭሩ መቀባበልን አስተማራቸው፤ ክለቡም ከ1914 እስከ 1925 ባሉት ዓመታት በተደረጉት ዐሥር የአገሩ ሻምፒዮናዎች በተከታታይ አሸነፈ።

በጎራዴ ግጥሚያም እንዲሁ ሆነ። ጎራዴ በሁንጋርያ የመኳንንትና የጦር መኮንኖች መሣሪያ ነበር። አይሁዳዊ ወጣት ይህን ጥበብ ሲማር፥ ስፖርት ብቻ ሳይሆን በአገሩ ክብር ውስጥ ሥፍራ መፈለጉ ነበር። የኔ ፉክስ በ1908 በለንደንና በ1912 በስቶክሆልም በግልም በቡድንም አሸንፎ አራት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከእርሱ በኋላ አቲላ ፔቻወር በ1928ና በ1932፥ ኤንድሬ ካቦሽም በ1932ና በ1936 የሁንጋርያን የጎራዴ ቡድን ለወርቅ ካበቁት መካከል ነበሩ። ሆኖም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን አይሁድ ቍጥር የሚወስነው ሕግ በ1920 ወጥቶ ስለ ነበር፥ ለአገሩ ሜዳልያ ያመጣለት ወገን ልጁን ለማስተማር ሲሄድ በሩ ጠብቦ ይቆየው ነበር።

በቪየና ግን ሃኮዓ የተባለው ክለብ በ1909 ተቋቋመ፤ ሃኮዓ ማለት በዕብራይስጥ ብርታት ማለት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የመዝሙርና የኦፔሬታ ግጥም ደራሲ የነበሩት ፍሪትስ ሎነር ቤዳ፥ ሌላው የጥርስ ሐኪሙ ኢግናዝ ከርነር ናቸው። የክለቡ ልብስ ሰማያዊና ነጭ ሲሆን በደረቱ ላይ የዳዊት ኮከብ ነበረበት። እግር ኳስ፥ ዋና፥ ትግል፥ ሩጫ፥ ሆኪና የሻሞላ ግጥሚያ የሚለማመዱ በሺህ የሚቈጠሩ አባላት አፈራ። የክለቡ እግር ኳስ ተጫዋቾች ከተመልካች ስድብና ድብደባ በሚደርስባቸው ጊዜ የሚጠብቋቸው የራሱ የክለቡ የትግል ስፖርተኞች ነበሩ። ከእነዚህም አንዱ ሚኪ ሂርሽል በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በሁለት ዓይነት ትግል ሁለት የነሐስ ሜዳልያ አግኝቷል።

ሃኮዓ በመስከረም 1923 ወደ ለንደን ሄዶ፥ በዚያው ዓመት ለእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ የነበረውን ዌስት ሃምን 5 ለ 0 አሸነፈ። በእንግሊዝ ምድር የእንግሊዝን ክለብ ያሸነፈ የመጀመሪያው የአውሮጳ አኅጉር ክለብ ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1924ና በ1925 መካከል በተደረገው፥ በኦስትርያ ተጫዋቾች በግልጽ ደመወዝ በተቀበሉበት በመጀመሪያው ሻምፒዮናም አንደኛ ወጣ። ሻምፒዮናውን ባስገኘው ግጥሚያ በረኛው አሌክሳንደር ፋቢያን ክንዱ ተሰበረ። በዚያ ዘመን ሕግ ተጫዋች መለወጥ ስለማይፈቀድ፥ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በአጥቂ ቦታ ተሰለፈና የማሸነፊያውን ግብ ራሱ አገባ።

4. ለአካባቢው የተረፈው ጥበብ

የእነዚህ ሰዎች ድርሻ በሜዳልያ ቍጥር ብቻ አይመዘንም። መካከለኛው አውሮጳ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የራሱ የሆነ የእግር ኳስ አጨዋወትና የራሱ የሆነ የውድድር ሥርዓት ነበረው። ይህን ሥርዓት ካቆሙት ሰዎች ዋነኛው በ1881 በቦሄሚያ የተወለዱትና በቪየና ያደጉት አይሁዳዊው ሁጎ ማይዝል ናቸው። እርሳቸው የባንክ ሥራቸውን ትተው የኦስትርያን እግር ኳስ መሩ፤ በ1924 የባለሙያ ተጫዋቾች ሊግ እንዲቋቋም፥ በ1927ም የኦስትርያ፥ የሁንጋርያ፥ የቼኮስሎቫክያና የዩጎዝላቪያ ክለቦች ለሚትሮፓ ዋንጫ እንዲወዳደሩ ካደረጉት ዋነኛው ነበሩ። ይህ ዋንጫ በኋላ ለመጣው የአውሮጳ ክለቦች ዋንጫ አርአያ ሆኗል። የመሩት ብሔራዊ ቡድን በግንቦት 1931 ስኮትላንድን በቪየና 5 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ተአምረኛው ቡድን የሚል ስም ወጣለት። ማይዝል በ1937 መጀመሪያ ላይ ስለ ሞቱ፥ በሚቀጥለው ዓመት የመጣውን አላዩም።

ጥበቡ ከአካባቢው ወጥቶ የተሠራጨው በሰዎች ስደት ነው። ሃኮዓ በ1926 ወደ አሜሪካ ባደረገው ጉዞ በኒው ዮርክ አንድ ግጥሚያ 46,000 ተመልካች መጣ፤ ያለ ስድብ መጫወትን ያዩ ብዙ ተጫዋቾችም በዚያው ቀሩ። ከእነርሱ አንዱ ከኤም.ቴ.ካ. ወደ ሃኮዓ መጥቶ የነበረው ቤላ ጉትማን ነው። ይህ ሰው ከጦርነቱ ተርፎ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1957 የብራዚሉን ሳኦ ፓውሎን ለክልሉ ሻምፒዮንነት፥ በ1961ና በ1962 የፖርቱጋሉን ቤንፊካን ለአውሮጳ ዋንጫ አበቃ። ሌላው ሁንጋርያዊ አርፓድ ቫይስ በ1930 ከሚላኖው አምብሮዚያና ጋር፥ በ1936ና በ1937 ከቦሎኛ ጋር የኢጣልያን ሻምፒዮና ወሰደ።

ይህ ሁሉ የደም ውጤት ነው ማለት ግን አይገባም። አንድ ዘር ለጎራዴ፥ ሌላው ለዋና የተፈጠረ ነው የሚለው አነጋገር፥ በማመስገን ቢባልም እንኳ፥ ለማባረር ከሚነገረው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ምክንያቱ በኑሮው ውስጥ ይገኛል። አይሁድ የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ገንዳውና ሜዳውም በከተማ ነበር። ክብራቸው በየዕለቱ ስለሚነካ፥ ዳኛ ባለበትና ሕጉ ለሁሉ አንድ በሆነበት ሥፍራ ማሸነፍ ለእነርሱ ከሌላው ይልቅ ዋጋ ነበረው።

5. በ1936 የመጣው ፈተና

የበርሊን ኦሎምፒክ በደረሰ ጊዜ ጀርመን አይሁድን ከዜግነት ያወጣውን የ1935 ሕግ አውጥታ ነበር። የሃኮዓ ዋናተኛ ዩዲት ዶይች በ1935 ከኦስትርያ ታላላቅ ስፖርተኞች አንዷ ተብላ የክብር ምልክት የተቀበለች፥ በነጻ ዋናም የአገሩን ሪኮርዶች የያዘች የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ለበርሊን ስትመረጥ፥ ወገኖቿን በሚያሳድድ አገር ለመወዳደር ሕሊናዋ እንደማይፈቅድላት ገለጸች። ጓደኞቿ ሩት ላንገርና ሉሲ ጎልድነርም እንደ እርሷ እንቢ አሉ። የኦስትርያ ዋና ፌዴሬሽን ዕድሜ ልካቸውን እንዳይወዳደሩ ከለከላቸው፤ የሻምፒዮንነት ክብራቸውንና ሪኮርዶቻቸውንም ከመዝገብ ፋቀ።

በሌላ በኩል በዚያው ኦሎምፒክ ተወዳድረው ያሸነፉ አይሁድ ነበሩ። ኤንድሬ ካቦሽ በጎራዴ በግልም በቡድንም፥ ኢቦያ ቻክ በሴቶች ከፍታ ዝላይ ለሁንጋርያ ወርቅ አገኙ። ካሮይ ካርፓቲ በነጻ ትግል ለወርቅ የበቃው የጀርመኑን ቮልፍጋንግ ኤርልን ሁለተኛ አድርጎ ነው። በስታዲየሙ ላይ የሁንጋርያ ሰንደቅ ዓላማ ለእነርሱ ሲወጣ፥ የዘር ትምህርቱ ሐሰት መሆኑ በአደባባይ ታየ። የቀሩት በመቅረታቸው፥ የሄዱትም በማሸነፋቸው መልስ ሰጡ፤ ከሁለቱ አንዱን ከሌላው አስበልጦ መፍረድ ለተመልካች ቀላል፥ በቦታው ለነበሩት ግን ከባድ ነው።

6. ጥፋቱ

በመጋቢት 1938 ጀርመን ኦስትርያን ስትይዝ ሃኮዓ ተዘጋ፤ ሜዳውና ንብረቱ ተወሰደ፤ በዚያ ዓመት ያደረጋቸው ግጥሚያዎች ውጤትም ተሰረዘ። የዋናው ክፍል መሪዎች አባሎቻቸውን ከአገር ለማስወጣት በብርቱ ደከሙ፤ ብዙዎቹም ወደ እንግሊዝ፥ ወደ ፍልስጥኤምና ወደ አሜሪካ አመለጡ። በ1940 ደግሞ በቡዳፔስት ኤም.ቴ.ካ. እንዲፈርስ ተደረገ።

ያላመለጡት ዕጣ እንዲህ ሆነ። የ1896 የአቴና ባለ ሜዳልያ ኦቶ ሄርሽማን በ1942 ከቪየና ተግዞ ተገደለ። ፍሪትስ ሎነር ቤዳ በዚያው ዓመት በአውሽቪትስ ሞቱ። አቲላ ፔቻወር በ1943 በምሥራቁ የጦር ግንባር በግዴታ ሥራ ላይ ሳለ ሞተ። አርፓድ ቫይስ ከኢጣልያ በ1938ቱ የዘር ሕግ ተባሮ ወደ ሆላንድ ቢሸሽም፥ ከዚያ ተይዞ በጥር 1944 በአውሽቪትስ ሞተ። ለኤም.ቴ.ካ. ብዙ ያደረጉት አልፍሬድ ብሩልም በ1944 በዚያው ሥፍራ ተገደሉ። ኤንድሬ ካቦሽ በኅዳር 1944 የቡዳፔስት ማርጊት ድልድይ በፈንጂ ሲፈርስ በላዩ ላይ ነበርና ሞተ። ያ ድልድይ ሃዮሽ የዋናውን ሕንፃ ወደ ሠራበት ደሴት የሚያሻግር ድልድይ ነው።

7. የቀረውና የተመለሰው

በ1921 በቡዳፔስት የተወለደችው የጂምናስቲክ ስፖርተኛ አግኔሽ ኬለቲ በጦርነቱ ጊዜ የሌላ ሴት የመታወቂያ ወረቀት ይዛ የቤት ሠራተኛ በመሆን ተረፈች፤ አባቷ ግን በአውሽቪትስ ተገደለ። በ1952 በሄልሲንኪና በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ በጠቅላላው ዐሥር ሜዳልያ አገኘች፤ ከእነዚህም አምስቱ ወርቅ ነበሩ። በሜልቦርን ስታሸንፍ ዕድሜዋ 35 ነበር። በ1957 ወደ እስራኤል ሄዳ የዚያን አገር ጂምናስቲክ ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ በጥር 2025 በ103 ዓመቷ በተወለደችበት ከተማ አረፈች።

በቪየና ሃኮዓ በ1945 እንደ ገና ቢቋቋምም የቀድሞው አባል አብዛኛው ሞቶ ወይም ተሰዶ ስለ ነበር የእግር ኳሱ ክፍል ብዙ ሳይቆይ ቀረ። የተወሰደበት መሬት በፕራተር ተመልሶለት አዲሱ የስፖርት ማዕከሉ የተከፈተው በ2008 ነው። የኦስትርያ ዋና ፌዴሬሽንም ዩዲት ዶይችን ይቅርታ ጠይቆ የፋቀውን ክብሯን የመለሰላት በ1995፥ ማለትም ከ59 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እርሷ በእስራኤል የምትኖር የ77 ዓመት አሮጊት ነበረች። በ1936 የተሰረዘው ሰዓት በኋላ በብዙ ዋናተኞች ተበልጧልና መመለሱ ለውድድር የሚጨምረው የለም፤ ነገር ግን መዝገብ ምስክር ነው፤ ስሟ ከመዝገቡ ሲፋቅ አልነበረችም ተብላለች፤ ስሟ ሲመለስ ግን ነበረች ተብሎ ተመሰከረላት።

ይህ ታሪክ በኋለኛው ዘመን ከኢትዮጵያ ጋር ይገናኛል። በቋንቋ፥ በታሪክና በልማድ ከአውሮጳ አይሁድ የተለዩት ቤተ እስራኤል አብዛኛዎቹ ከ1984 ጀምሮ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ ከልጆቻቸው መካከል ታላላቅ ሯጮች ወጡ። በ1972 ኦሎምፒክ አሥራ አንድ የእስራኤል ቡድን አባላት በተገደሉባት በሙኒክ ከተማ፥ በነሐሴ 2022 በአውሮጳ ሻምፒዮና ማራቶን ማሩ ተፈሪ ሁለተኛ፥ ጋሻው አያሌ ሦስተኛ ሆነው የእስራኤል ቡድን ወርቅ አገኘ። በነሐሴ 2023 በሃዮሽ የትውልድ ከተማ በቡዳፔስት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ደግሞ ከኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣው ይኸው ማሩ ተፈሪ ሲሆን፥ ሦስተኛው የኢትዮጵያው ልዑል ገብረ ሥላሴ ነበር። በኢትዮጵያ ምድር የተወለዱ ሁለት ሰዎች፥ አንዱ በእስራኤል ሌላው በኢትዮጵያ ስም፥ በአንድ ሰገነት ላይ ቆመው ሜዳልያቸውን ተቀበሉ፤ የሁለቱም ስም በአንድ መዝገብ ላይ ተከታትሎ ተጽፏል።